ነጋድራስ ሰይድን ለማወደስ ለንደን ድረስ

ለንደንን አይቼ ተመለስኩ። ያልሄዳችሁ አይቆጫችሁ፤ ብዙ አልቀረባችሁም። ከመጣሁ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ገበያ መሀል እያስቆመ «አገሩ እንዴት ነው?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከማወራ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

የተጠራሁት ለሙት ክብር ነው። ከአንኮበር ሥር ባለችው ትንሿ የገበያ ከተማችን፣ በአጤዎቹ ዘመን፣ ሰይድ የሚባል ጠበቃ ነበር። የአያቴ አባት ነው። ያን ጊዜ ጠበቃ ማለት ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት የሚያገላብጥ አልነበረም። ዛፍ ሥር ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ዱላውን እየሰበቀ፣ ባላጋራውን በጥያቄ የሚያፋጥጥ አንደበተኛ ነበር። ሰይድ በምላሱ ከበረ። በኋላም ነጋድራስ ተብሎ በገበያው ላይ ተሾመና ቀረጥ የሚያስከፍለውም፣ የነጋዴውን ጠብ የሚዳኘውም እሱ ሆነ። በደንቡ «እሳቸው» ልለው ይገባኝ ነበር። ለምን «እሱ» እንዳልኩት ስትጨርሱ ትፈርዳላችሁ።

ለንደን ያሉት ዘሮቹ ማኅበር አቋቁመዋል። ሊቀመንበሩ የወንድሜ ልጅ ጀማል ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያ ኖሯል፤ አውቶቡስ ይነዳል። አንድ ቀን ደወለና «አክስቴ፣ የነጋድራስን ታሪክ በቃል የሚያውቁ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት። በስማቸው ድግስ አዘጋጅተናል። መጥተው ለልጆቻችን ይንገሩልን» አለኝ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ተናገሪ ከተባልኩ እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ሄድኩ።

እሑድ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሚኒባስ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን። ስለ አውሮፕላኑ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሚኒባስ ነው፣ ረዳቱ ብቻ ይስቃል። ምግቡ መጥኖ የተቀመጠ የአሻንጉሊት ምሳ ይመስላል። ዳቦው ከእጅ ሰዓቴ ብዙም አይበልጥም።

ሰኞ

ጠዋት ለንደን ደረስኩ። ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ «ለምን መጡ?» አለኝ። «ለቅድመ አያቴ ክብር ድግስ አለ» አልኩት በተማሪ ቤት እንግሊዝኛዬ።

«እሳቸው እዚህ ነው የሚኖሩት?»

«የለም፣ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ማኅተሙን መታና አሳለፈኝ። ከእብድ ጋር መከራከር ጊዜ ይፈጃል ብሎ ይሆናል።

ጀማል የሚኖረው ኬኒንግተን ነው፣ ከፎቅ ላይ። ሊፍቱ አይሠራም።

«ሪፖርት አድርገናል አክስቴ።»

«ለማን?»

«ለካውንስሉ።»

«መቼ?»

«በጋ ላይ።»

እኛ ዘንድ ቀበሌ ያልሠራውን ጎረቤት ተሰብስቦ ይሠራዋል። እዚያ ግን ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም። ደረጃ ላይ ያገኘኋቸውን ሁሉ «እንዴት አደራችሁ» ስላቸው ግድግዳውን ተደግፈው እንደ አበዳሪ ሸሹኝ። ቤቱ ውስጥ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ወጥ ቤት ነው የሚኖረው። ካልሲና ሽንኩርት ጎን ለጎን! ይህ ነው እንግዲህ ሥልጣኔው።

የጀማል ሚስት ሰሚራ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰው ናት። የራሷን አልጋ ለቃልኝ እሷ ሳሎን ተኛች። ሙቅ ውሃ የሞላ ላስቲክ ከብርድ ልብሱ ሥር አስገብታልኝ ኖሮ፣ እግሬ ሲነካው እንስሳ መስሎኝ ጮህኩ። ሮጣ መጣችና ሁለታችንም አልጋው ላይ ተቀምጠን እስኪበቃን ሳቅን። ከዚያች ከተማ የወደድኩት ነገር ቢኖር ያ ላስቲክ ነው።

ማክሰኞ

የጀማል ልጅ ሀያት ከተማውን አሳየችኝ። ሕግ ጨርሳ ጠበቆች ቢሮ ልምምድ ላይ ናት። አማርኛዋ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይደክመዋል፤ ቀሪውን እንግሊዝኛ ይሸከመዋል። የአባቷ ደግሞ የባሰ ነው፤ የወጣበት ዘመን ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ «ጓድ» ሊለኝ ምንም አልቀረው።

ቴምዝ ቴምዝ የሚሉት ወንዝ ክረምት ላይ የሚወርደውን የእኛን ጎርፍ ይመስላል፤ ያውም ዛፍ እንኳ ይዞ አይወርድም። ባተርሲ ላይ አራት ጭስ ማውጫ ያለው ትልቅ የድሮ መብራት ኃይል አሳየችኝ። አሁን ሱቅ አድርገውታል። እኛ መብራት አጥተን ሱቅ በጊዜ እንዘጋለን፤ እነሱ መብራት ኃይሉን ዘግተው ሱቅ ከፈቱ። ካፖርት የለበሰ ውሻ አለፈ። አብራው የምትሄደው ሴትዮ ካፖርት የላትም።

«አክስቴ» አለችኝ ሀያት አግዳሚ ወንበር ላይ ስንቀመጥ፣ «እኔ ሎው ያጠናሁት በነጋድራስ ምክንያት ነው። ዳድ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሳቸው ነው የሚነግረኝ። ለድኆች ይከራከሩ ነበር አይደል?»

እንዲህ ያለ ፊት ፊቴ ላይ ተደቅኖ መልስ መስጠት ከባድ ነው። «አንደበተኛ ነበር» አልኩና ስለ ውሻው ጠየቅኳት።

ረቡዕ

ሀያት ለድግሱ ሻሽ ልትገዛልኝ በምድር ውስጥ ባቡር ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ሰፈር ወሰደችኝ። እዚያ ሲደርስ ሰው በደረጃ አይወጣም፤ ደረጃው ሰውን ይዞ ይወጣል። እላይ ስንደርስ ደረጃው የቀሚሴን ጠርዝ ነክሶ ያዘ። ሀያት ጎተተች፣ እኔ ጮህኩ፣ ከኋላ የነበረ ጎረምሳ ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። የቀሚሴ ጫፍ ተዘነጠለ። ከኋላችን የቆመው ሰልፍ ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ ብቻ አየኝ። እኛ አገር ቢሆን ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ መርፌና ክር ይፈልጋል።

መርፌና ክር ያለበት ሱቅ ግን ቅርብ ነበር። ሀያት «እዚህ የሀበሻ ልብስ ሰፊ አለች» ብላ አስገባችኝ። ሴትዮዋ አምሳ ዓመት ያለፋት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ደረቷ ላይ ስፒል የደረደረች ናት። አሚና ትባላለች። ጋቢ አልብሳኝ ቀሚሴን ተቀበለችና እየሰፋች «የት አገር ነዎት?» አለችኝ። ዘሀራ መባሌንና የከተማዬን ስም ስነግራት ማሽኑ ቆመ።

«የማን ልጅ?»

«ከነጋድራስ ሰይድ ወገን።»

ማሽኑ እንደገና ተነሣ። «እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ» አለች ቀና ሳትል። «የእነ ሰዓዳ ቤት።»

አገሬን ለማያውቅ ይህ ምንም አይደለም። ለእኔ ግን በቂ ነበር። ሰዓዳ በነጋድራስ ዘመን የኖረች ባሪያ ናት። እስከ ዛሬ ድረስ ከልጅ ልጆቿ ጋር የሚጋባ የለም። ለቅሶ ይደርሷቸዋል፣ በሠርግ ድንኳን ያስተክሏቸዋል፣ እንጨት ያስፈልጧቸዋል። ስለ ምክንያቱ ግን ማንም አያወራም።

አሚና ሥራዋን ጨርሳ ዋጋ አልቀበልም አለች። ይልቅ ከሱቁ ጀርባ አስገብታ ለስላሳ የማሽላ ቂጣ በቅቤና በአዋዜ አቀረበችልን። በዚያ አገር ምግብ የሚለው ስም የሚገባው ነገር አፌ የገባው ያን ቀን ነው። ስበላ ጥግ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ አየሁ። አሚና ዘረጋችልኝ። በወርቃማ ፊደል «ነጋድራስ ሰይድ፣ የድኆች ጠበቃ» ይላል።

«ጠርዙን እንድሰፋለት ጀማል አምጥቶልኝ ነው» አለች።

«እንግዲያው ቅዳሜ ትመጫለሽ።»

«ማን ጠርቶኝ እትዬ ዘሀራ?» አለች፤ ፈገግ ብላ፣ ያለ ምንም ቂም። ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

ማታ እራት ላይ ጠየቅኩ። «አሚና ለምን አልተጠራችም?»

ሰሚራ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጀማል «አክስቴ፣ ማኅበሩ እኮ የዘሩ ነው» አለ።

«እሷስ?»

«እሷማ... ያውቁታል እኮ።»

«ሶሪ» አለች ሀያት፣ «ምንድን ነው የሚያውቁት?»

«የአገር ቤት ነገር ነው፤ አንቺን አይመለከትም» አላት አባቷ።

ጀማል ከአገር ሲሰደድ ሻንጣ እንኳ አልያዘም ነበር፤ በሱዳን በኩል በነጠላ ጫማ ነው የወጣው። ይህቺን የአገር ቤት ነገር ግን አልጣላትም። በረሃውንም ባሕሩንም ተሻግራ፣ ከካውንስል ቤት ፎቅ ላይ ወጥታ፣ ሊፍት እንኳ ሳያስፈልጋት፣ እራት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች።

ሐሙስ

ለአሚና ደወልኩ። «ቅዳሜ የእኔ እንግዳ ነሽ» አልኳት።

«አንቱ ራስዎ እንግዳ ነዎት እኮ!» ብላ ሳቀች። ትመጣ አትመጣ እንደሁ አልነገረችኝም።

ዝናብ ነበር። ዝናባቸው ደግሞ እንደ ዝናብ አይዘንብም፤ እንደ ምቀኛ ሰው ቀስ እያለ ያርሳል።

ዓርብ

ጀማል ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ ከጎኔ ተቀመጠ። የያዘውን ጨዋታ አስቀድሜ አውቄዋለሁ።

«አክስቴ፣ ነገ መልካም መልካሙን ብቻ ይንገሩልን።»

«መልካሙ ካላለቀብኝ።»

አልሳቀም። «እኔ እዚህ ስመጣ ምንም አልነበርኩም። ቋንቋ የለኝ፣ ወረቀት የለኝ። ሰው ሲገፈትረኝ በልቤ ‹የነጋድራስ ሰይድ ዘር ነኝ› እል ነበር። ልጆቻችንም የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ።»

ይህን ሲል አንጀቴን በላው። ጀማል መጥፎ ሰው አይደለም። መጥፎ ሰው ቢሆን ምን ገዶኝ፤ ያሰብኩትን ተናግሬ፣ ቂጣዬን ጠቅልዬ እመጣ ነበር።

«የማውቀውን ነው የምናገረው» አልኩት። ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ቅዳሜ

አዳራሹ ባተርሲ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ምንጣፉ ያረጀ የሾርባ ሽታ ያለው። የእኛ ወረዳ አዳራሽ ቢያንስ መስኮቱ ይከፈታል። ሰዉ ግን ብዙ ነበር፤ ለብሶ፣ ተኳኩሎ፣ ልጆቹን ይዞ መጥቷል። ባነሩ ከመድረኩ በላይ ተሰቅሏል። የአሚና ስፌት አንድም ቦታ አልተጨማደደም።

መጀመሪያ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ተነሥቶ ነጋድራስን «የመጀመሪያው የሰብዓዊ መብት ጠበቃ» አለው። ቀጠለና «የዘመናዊ ንግድ አባት» አለው። ትንሽ ቢቆይ አውቶቡስንም የፈለሰፈው እሱ ነው ሊለን ነበር። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ዞር ስል አሚና በሩ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰሚራ አይታታለች፤ ሳትናገር ሻይ ወሰደችላት።

ከዚያ ማይክሮፎኑ ለእኔ ተሰጠ። እንዲህ አልኩ።

«ይህን ታሪክ የሰማሁት ከአባቴ ነው፤ አባቴ ከአባቱ። ሰዓዳ የሚሏት ሴት የአንድ ነጋዴ ባሪያ ነበረች። ነጋዴው ሊሞት ሲል፣ ሰው ባለበት፣ ነፃ ነሽ አላት። እንደተቀበረ ወራሾቹ ቃሉን ካዱ፤ ሰይድንም ጠበቃ አቆሙ። ለእሷ የቆመላት አልነበረም፤ ብቻዋን ዛፍ ሥር ቆመች። ምስክሮቿ ነፃ መውጣቷን በጆሯችን ሰምተናል ብለው መሰከሩ። ያን ጊዜ ሰይድ ተነሣና ጠየቃት። ‹ጌታሽ በተቀበረ ማግስት ለለቅሶኛው ከወንዝ ውሃ ስትቀጂ የዋልሽው አንቺ አይደለሽም?› ‹ነኝ› አለች። ‹ከፈሉሽ?› ‹አልከፈሉኝም።› ‹ዘመዶችሽ ናቸው?› ‹አይደሉም።› ‹ታዲያ ነፃ ሰው፣ ዋጋ ሳይከፈለው፣ ለባዳ ቤት ቀኑን ሙሉ ውሃ ይቀዳል?› ሸንጎው ሳቀ። ዳኛውም ሳቀ። ተፈረደባት።»

አንድ ሕፃን ወንበሩን በእግሩ ይመታል። ጀማል ከመድረኩ ጥግ ይብቃዎት እንደማለት ራሱን ይነቀንቅልኛል። ቀጠልኩ።

«ወራሾቹ ለሰይድ የድካሙን ዋጋ እሷኑ ሰጡት። ወንድ ልጅ ወለደችለት። ልጁን ከልጆቹ አልቆጠረውም። ሹመቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በስተርጅናው ያ ምላሱ ታሰረ፤ ሲያጉረመርም የሚገባት እሷ ብቻ ነበረች። ‹ምን አለ?› ሲሏት ‹ውሃ ጠማኝ አለ› ትላለች፤ ታጠጣዋለች። እንዲህ አድርጎ ነው የሞተው። የሰዓዳ ልጅ ልጆች እንግዲህ የእኛኑ ያህል የእሱ ናቸው። አንዷ እዚህ ተቀምጣለች። ያን ጨርቅ የሰፋችው እሷ ናት።»

ጀማል ማይክሮፎኑን ተቀብሎኝ «አክስታችን የመንገድ ድካም አለባቸው» አለ። አንድ ሽማግሌ ግን ከፊት ረድፍ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ድካም አይደለም። እኔም ከአባቴ እንዲሁ ነው የሰማሁት» አሉና ተቀመጡ። ጉርምርምታ ሆነ።

ሀያት ተነሣች። «አክስቴ፣ ያን ክዌስችን ሲጠይቃት... ምን ብላ መለሰች?»

«ምንም አልመለሰችም ይባላል» አልኳት። «አባቴ እዚህ ጋ ሲደርስ ጭኑን እየመታ ነበር የሚስቀው። አፏን አስያዛት ይል ነበር።»

«መልሳለች» አለ ድምፅ ከኋላ።

ሁሉም ዞረ። አሚና ቆማለች። እጇን የት እንደምታደርገው የጠፋት ይመስል የሻሿን ጫፍ ይዛለች።

«እኛ ቤት ሲነገር መልሳለች። ‹ባሪያ ብሆን ቅጂ ተብዬ እቀዳ ነበር። ያን ቀን ማንም አላዘዘኝም። ነፃ ስለሆንኩ ነው የቀዳሁት› ነው ያለችው። ሸንጎው ገና እየሳቀ ስለነበር አልሰሟትም።»

ምን ልበላችሁ። አርባ ዓመት አስተማሪ ሆኜ ስለ ንግግር ጥበብ ያስተማርኩት ሁሉ ገለባ ሆኖ ታየኝ።

ከዚያ የሆነውን ብታዩ ግን ታፍሩ ነበር። ከረባት ያሰረው ሰውዬ ማጨብጨብ ጀመረ! ሌላውም ተከተለው። «እህታችን ወደ መድረክ! እህታችን ወደ መድረክ!» አሉ። ሰው ሲበደል ያላዘነ ልብ ጭብጨባ ላይ እንዴት እንደሚፈጥን! ጀማልም፣ ላብ እየጠረገ፣ «ስምሽን ከማኅበሩ አባላት ጋር እንጽፋለን» አላት።

«አመሰግናለሁ» አለች አሚና ካለችበት ሳትነቃነቅ። «የእሱ ልጅ ልባል አልመጣሁም። ይህንንማ ድሮም እናውቀዋለን፤ አልፈለግነውም እንጂ። እትዬ ዘሀራ ስለጠሩኝ ነው የመጣሁት።» የሻይዋን ብርጭቆ ለሰሚራ መለሰችና ወጣች። ሀያት ተከትላት ሮጠች።

ሩዙ ግን ተበላ። ሥጋውም ተበላ። እንዲያውም ከወትሮው በላይ ሳይበላ አልቀረም፤ አፍ ሲሞላ መናገር አይጠበቅም።

እሑድ

ጀማል በመኪና ወደ አየር ማረፊያ ይዞኝ ሄደ። ሀያት ከኋላ ተቀምጣለች። የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም «ቀጥ ብዬ የሄድኩት በዚያ ሰው ነበር» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለመሪው አላውቅም።

«የሄድክበትስ በራስህ እግር ነው» አልኩት። «በረሃውን ያቋረጥክ ጊዜ እሱ የት ነበር?»

አረንጓዴው በራ፤ ነዳ።

«ለሰዓዳ ማንም አልቆመላትም ማለት ነው?» አለች ሀያት ቆየት ብላ።

«ማንም።»

«እንግዲያ የጠበቃ ሥራው እዚያ ጋ ነው» አለች። እንግሊዝኛ አልቀላቀለችበትም።

ጀማል ሻንጣዬን አውርዶ እጄን ሳመ። አቅፌ ሳምኩት። ከሁሉም የከፋው ሳንድዊች የአየር ማረፊያው ነው፤ አትግዙ።

ከተመለስኩ በኋላ

ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ የአባቴ ባልንጀራ የነበሩ ሽማግሌ ለወጣቶች የነጋድራስን የውሃ ጥያቄ ያወራሉ። «አፏን አስያዛት!» ሲሉ ሳቅ ሆነ።

«መልሳለች እኮ» አልኩ። የመለሰችውን ነገርኳቸው። ሳቁ ቀረ።

ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ይህን የት ሰማሽው?» አሉኝ።

«ለንደን።»

«ለንደን ድረስ!» ብለው አደነቁ።

አዎ፣ ለንደን ድረስ። የሰዓዳ ልጅ ልጆች ከቤታችን ጀርባ፣ ከአጥሩ ማዶ ነው የሚኖሩት። ስወለድም እዚያው ነበሩ። ከእኛ ወገን አንድ ሰው እንኳ አጥሩን ተሻግሮ ጠይቋቸው አያውቅም።